ማሲንቆው እየጠበቀ ሲስተም አይቀየርም፦ «ዛሬውኑ አፕግሬድ አድርጉ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በስቱዲዮ ሰዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የነበረ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ሦስት ጓደኞቼ ለየብቻ ልከውልኛል። መልእክቱ ባጭሩ ይኸው ነው፦ አዲስ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዊንዶውስ ወይም ማክኦኤስ) በወጣ ቁጥር የሙዚቃ መቅረጫ ኮምፒውተራችሁን ዛሬውኑ አፕግሬድ አድርጉ። ጸሐፊው ስድስት ምክንያት ይሰጣሉ። አዲስ ሲስተም ማሽኑን ያፈጥነዋል። የቆየ ሲስተም ለቫይረስ በር ይከፍታል። የፕለጊን (በሙዚቃ ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመሩ የድምፅ መሣሪያዎች) እና የሳውንድ ካርድ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው ዕቃ) አምራቾች ቀድመው ስለሚዘጋጁ ችግር ቢፈጠር እንኳ በቀናት ውስጥ ይፈታል። ካልተመቸ ወደ ነበረበት መመለስ ቀላል ነው። ሌሎች ስቱዲዮዎች ስለቀየሩ ሥራ ለመቀባበል እኛም መቀየር አለብን። በመጨረሻም፣ የሚሠራን ነገር አትንካ የሚለው አባባል የስንፍና መሸፈኛ ነው።

ጽሑፉ በቅን ልብ እንደተጻፈ አልጠራጠርም። ጸሐፊው ሙያውን እንደሚያውቁትም ያስታውቃል። ግን ምክራቸውን እንዳለ የሚቀበል ጀማሪ ትልቅ ዋጋ ሊከፍል ይችላል። እኔ ከፍዬበታለሁ። ለዚህ ነው ነጥብ በነጥብ ልመልስ የተነሣሁት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፍጥነት ልጀምር። አዲስ ማሽን ላይ ጸሐፊው ያሉት እውነት ሊሆን ይችላል። አምስት ስድስት ዓመት ያገለገለ ማሽን ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ተቃራኒው ነው። አዲሱ ሲስተም ተጨማሪ ራም ይፈልጋል። ከተጫነም በኋላ ለሰዓታት ከጀርባ ሆኖ ዲስኩ ላይ ያለውን ፋይል ሁሉ እያገላበጠ ይመዘግባል። በዚያ ሰዓት ድምፃዊ ማይክ ፊት አይቆምም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ቀረጻ ከኮምፒውተር የሚፈልገው ፍጥነትን ብቻ አይደለም፤ ሰዓት ማክበርን ነው። በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48,000 ሳምፕል፣ ማለትም የድምፅ ናሙና) እየቀረጻችሁ በፈሩን፣ ማለትም ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውን ቁራጭ፣ 64 ሳምፕል ላይ ብታደርጉት፣ ማሽኑ በየ1.3 ሚሊሰከንዱ አንድ ቁራጭ ድምፅ ማድረስ አለበት። በሰከንድ 750 ጊዜ ማለት ነው። 749ኙን በሰዓቱ አድርሶ አንዷን ቢያሳልፍ፣ ያቺ አንዷ ጆሮ ላይ «ጠቅ» ትላለች። ከበሮ መቺ አስቡ። እጁ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን አንዲት ምት ከሳተ ጭፈራው ይሰበራል። ድንቅ ፍጥነት ያለው ማሽን ደግሞ ምት ሊስት ይችላል። በ2018 የወጡት ቲ2 የሚባል የአፕል ቺፕ ያላቸው ማኮች ከቀደምቶቻቸው ይፈጥኑ ነበር፤ በዩኤስቢ የተገናኘ ሳውንድ ካርድ ላይ ግን ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። አፕል ይህንን ያሻሻለው በማርች 2019 ባወጣው የማክኦኤስ ስሪት፣ ሞሃቪ 10.14.4 ነው። እዚህ ላይ ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁን፤ በዚያ ጊዜ አፕዴቱ ራሱ መድኃኒት ነበር። ያ ችግር ለነበረበት ሰው በቶሎ አፕዴት ማድረግ ትክክል ነበር። ምክንያቱ ግን አፕዴቱ አዲስ መሆኑ አይደለም፤ የእሱን ማሽን፣ የእሱን ካርድ፣ የእሱን ችግር የሚነካ መሆኑ ነው።

ስለ ቫይረስ የተባለውን በግማሽ እቀበላለሁ። በሜይ 2017 ዋናክራይ የሚባለው ጥቃት ብዙ አገሮችን ሲያዳርስ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍን ጥገና ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ጥገናውን ያልጫነ ተጎዳ። ጸሐፊው ይህንን ቢጠቅሱ ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክርላቸው ነበር።

ግን ልብ በሉ፦ ያ ጥገና ለዊንዶውስ 7ም ወጥቶ ነበር። ዊንዶውስ 7 ላይ የቆየና ጥገናውን የጫነ ስቱዲዮ ከዚያ ቀዳዳ ተጠብቋል። ወደ ዊንዶውስ 10 መሸጋገር ግዴታው አልነበረም። ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገው ነው የሚናገሩት። አንደኛው ባላችሁበት ስሪት ላይ የሚመጣ የደህንነት ጥገና ነው። ሁለተኛው ከአንድ ስሪት ወደ ሌላ መሸጋገር ነው። አንደኛው የሚያንጠባጥብ ጣራ መድፈን ሲሆን ሁለተኛው ቤት መቀየር ነው። አፕልም ቢሆን አዲስ ስሪት ካወጣ በኋላ ለቀደሙት ሁለት ስሪቶች አብዛኛውን ጊዜ የደህንነት ጥገና መላኩን ይቀጥላል። ስለዚህ ሰው ሳይሸጋገርም ተጠብቆ መቆየት ይችላል። ለዘላለም ግን አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዛሬም በዚያ ላይ ያለ ሰው ወይ በተራዘመው የጥገና ፕሮግራም መመዝገብ፣ ወይ ማሽኑን ከኢንተርኔት መነጠል፣ ወይ መሸጋገር አለበት። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

በእኛ አገር ስቱዲዮ ቫይረስ በብዛት የሚገባው ደግሞ በሌላ በር ነው። ደንበኛው ቢቱን (የዘፈኑን ቅንብር) በፍላሽ ይዞ ይመጣል። ፍላሹ ከዚያ በፊት ፎቶ ቤት፣ ጽሕፈት ቤት፣ የሦስት ጓደኛ ላፕቶፕ ላይ ውሎ አድሯል። ቀጥታ መቅረጫው ማሽን ላይ ይሰካል። እኔ ለፍላሽ ብቻ የማስነሣት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ። ፋይሉ እዚያ ታይቶና ተጣርቶ ነው ወደ ዋናው የሚሻገረው። ይህቺ ልማድ ብቻዋን ከብዙ ጣጣ አድናኛለች።

አሁን ጽሑፉ በጣም ወደተሳሳተበት ቦታ ልምጣ። አምራቾች ዝግጁ ናቸው፣ ችግሩ በቀናት ይፈታል የሚለው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም እንዲሁ አምኜ ነበር። ማክሰኞ ማታ አዲሱን ሲስተም ጫንኩ። ሌሊቱን ሲወርድና ሲጫን አደረ። ረቡዕ ጠዋት አንድ አዛውንት የማሲንቆ ተጫዋች ቀጠሮ ነበራቸው። ከጎንደር መጥተው አዲስ አበባ የሚቆዩት ለሁለት ቀን ብቻ ነው። ገብተው ተቀመጡ። ከኪሳቸው በጨርቅ የተቋጠረ ዕጣን አወጡና ደጋኑን ይቀቡ ጀመር። እኔ ኮምፒውተሩን አስነሣሁ። ሲስተሙ ያምራል። የሳውንድ ካርዱ መብራት ግን ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ አይረጋም። ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ሌላ ገመድ ሞከርኩ። ድራይቨሩን፣ ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ማሽኑ ካርዱን አላውቀውም አለ።

«ልጄ፣ ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ትንሽ ይታገሡኝ ጋሼ፣ አሁን ይስተካከላል» አልኳቸው።

አልተስተካከለም። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከአምራቹ የድጋፍ ክፍል መልስ መጣ፤ ለአዲሱ ሲስተም የሚሆን ድራይቨር ገና አልተዘጋጀም፣ እባክዎ አይሸጋገሩ ይላል። እኔ ተሸጋግሬያለሁ። ጋሼ ደጋናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ያዩኛል። በመጨረሻ በአንዲት የእጅ መቅረጫ ቀዳኋቸው። ዘፈኑ ወጥቷል፤ ሰውም ወዶታል። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር የሚጎድለውን አውቃለሁ። ጭራው ከጭራ ጋር ሲፋተግ የሚሰማው ያ ሻካራ ትንፋሽ የለም። ጥሩው ማይክ እኮ ፊታቸው ቆሞ ነበር። ድራይቨሩ የወጣው ከ11 ሳምንት በኋላ ነው።

የእኔ ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። እንግዲያውስ በይፋ የሚታወቁትን ልጥቀስ። በኦክቶበር 2019 ማክኦኤስ ካታሊና ሲወጣ በድሮው የ32 ቢት አሠራር የተሠሩ ፕሮግራሞች ሙሉ በሙሉ መሥራት አቆሙ። ይህ በቀናት የሚፈታ ችግር አልነበረም። አንዳንድ ፕለጊን የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፤ 64 ቢት አድርጎ የሚያድሰው ሰው የለም። ያ ፕለጊን ያለበት የቆየ ፕሮጀክት ሁሉ በአንድ ሌሊት ቀዳዳ ወጣበት። በሴፕቴምበር 2025 የወጣው ማክኦኤስ ታሆ ደግሞ ፋየርዋየር ለሚባለው የቆየ የገመድ መገናኛ የሚሰጠውን ድጋፍ አስቀርቷል። በተንደርቦልት (በአዲሱ የገመድ መገናኛ) አስማሚ አድርገው የቆየ ካርዳቸውን ሲጠቀሙ ለነበሩ ሰዎች ያ መንገድ ተዘጋ። ፋየርዋየር ካርዶች ያረጁ ናቸው፣ እውነት ነው። ግን ብዙዎቹ ዛሬም ድምፃቸው ጥሩ ነው፤ ስምንት ማይክ ይቀበላሉ። እዚህ አገር አዲስ ስምንት ግብዓት ያለው ካርድ ለማግኘት ደግሞ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ሰው ይጠበቃል። ዶላሩም አለ።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ግን የማርች 2024ቱ ነው። ብዙ ባለሙያ አዲስ ስሪት ሲወጣ ጥቂት ወራት ይጠብቃል፤ ነጥብ ሦስት፣ ነጥብ አራት (ለምሳሌ 14.3፣ 14.4) ሲደርስ ይሸጋገራል። እኔም ይህንን ለብዙ ሰው መክሬያለሁ። ማክኦኤስ ሶኖማ 14.4 የወጣው ማርች 7 ነው፣ የመጀመሪያው ሶኖማ ከወጣ ከአምስት ወር በላይ ቆይቶ። ሁሉም የተረጋጋ መስሎ ነበር። ግን በኮፒ መከላከያ የተቆለፉ የኦዲዮ ዩኒት (ማክ ላይ የሚሠራ የፕለጊን ዓይነት) ፕለጊኖች አልከፈት ይሉ ጀመር፤ የሙዚቃ ፕሮግራሙንም ይዘውት ይወድቁ ነበር። በገንዘባቸው የገዙ ሰዎች ናቸው የተጎዱት። አፕል በ14.4.1 አስተካከለው፤ ያም የወጣው ማርች 25 ነው። 18 ቀን መሆኑ ነው። ጸሐፊው በቀናት ይፈታል ያሉት በዚህ ልክ ሆኖላቸዋል። ግን ለፋሲካ አልበም እያደረሳችሁ ከሆነ 18 ቀን ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ከዚህ እኔም የራሴን ምክር አርሜያለሁ። ነጥብ አራትን መጠበቅ ብቻውን አያድንም። አዲስ መሆኑ አያስኬድም፤ ወራት ማስቆጠሩም ዋስትና አይሆንም። መቅረጫ ኮምፒውተር ብቻውን የቆመ ዕቃ አይደለም፤ ሰንሰለት ነው። ሲስተሙ አለ፣ የካርዱ ድራይቨር አለ፣ የሙዚቃ ፕሮግራሙ አለ፣ ፕለጊኖቹ አሉ፣ ፈቃዳቸውን የሚያረጋግጠው ነገር አለ፣ በመካከል ያለ ሥራ አለ። የምትሸጋገሩት የዚህ ሰንሰለት የመጨረሻዋ ቀለበት እሺ ስትል ነው። እሺ ማለቷን የምታውቁት ደግሞ የእያንዳንዱን አምራች ገጽ ከፍታችሁ፣ የእናንተን ሞዴልና የሲስተሙን ስሪት አንድ ላይ ተጽፎ ስታዩ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ወረቀት ላይ ስዘረዝር 41 ነገር አገኘሁ። ከእነሱ ሰባቱን ለሁለት ዓመት ነክቻቸው አላውቅም፤ አጠፋኋቸው። ዝርዝሩ በራሱ ቤት አጸዳልኝ።

ወደ ነበረበት መመለስ ቀላል ነው ስለተባለው። ይህ አባባል ሰው ያስጎዳል።

ዊንዶውስ ላይ ከ10 ወደ 11 ከተሸጋገራችሁ የመመለሻው ቁልፍ የሚቆየው 10 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የድሮው ሲስተም ፋይል ይጠፋል። በ10 ቀን ውስጥ የአንድ አልበም ሚክስ (ትራኮቹን የማዋሃድ ሥራ) ላይጠናቀቅ ይችላል፤ ችግሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሚክሱ ሲከብድ ነው። ማክ ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም። ዲስኩን አጥፍቶ የድሮውን ሲስተም ከመጀመሪያው መጫን፣ ከዚያም ከባክአፕ መመለስ ነው። ባክአፕ ከሌለ አለቀ። ማሽኑ አዲስ ከሆነ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ስሪት በታች መውረድ አይቻልም። አዲስ ማክ ገዝቼ የድሮውን ሲስተም እጭንበታለሁ ብሎ ያቀደ ሰው ይህንን ከመግዛቱ በፊት ይወቅ።

ሲስተሙ ቢመለስ እንኳ ሥራው ላይመለስ ይችላል። ሎጂክን፣ የአፕልን የሙዚቃ መቅረጫ ፕሮግራም፣ ውሰዱ። በአዲሱ ስሪት ከፍታችሁ ያስቀመጣችሁት ፕሮጀክት በድሮው ስሪት አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም። ሎጂክ ፕሮ 11 ደግሞ በ2024 ሲወጣ ቢያንስ ማክኦኤስ ቬንቹራ 13.5ን ይጠይቅ ነበር። ሲስተሙን ቀየራችሁ፣ ሎጂኩን አደሳችሁ፣ የድምፃዊቷን ፕሮጀክት ከፍታችሁ ሁለት ቀን ሠራችሁ፣ አስቀመጣችሁ። በሦስተኛው ቀን ችግር መጣ። ሲስተሙን ትመልሱታላችሁ፤ የሁለት ቀኑ ሥራ ግን ከወዲያ ማዶ ቀርቷል።

ስለዚህ እኔ የምሄደው ወደ ኋላ መመለስ በማያስፈልግበት መንገድ ነው። የድሮውን ሳልነካ አዲሱን ከጎኑ አስቀምጣለሁ። ማክ ላይ በዲስክ መገልገያው በኩል አንድ ተጨማሪ ቮልዩም (ለብቻው የተከለለ የዲስክ ክፍል) ትፈጥሩና አዲሱን ሲስተም እዚያ ላይ ብቻ ትጭናላችሁ። ማሽኑ ሲነሣ የትኛውን እንደሚፈልግ ትመርጣላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ሌላ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) መግጠም ይሻላል። ከዚያ በፊት ባክአፕ። ባክአፕ ስል ፋይሉ ተቀድቷል ማለቴ አይደለም፤ ሌላ ማሽን ላይ ተሰክቶ ሲከፈት በዓይናችሁ አይታችሁታል ማለቴ ነው።

አዲሱ ሲስተም ላይ ሦስት የቆዩ ፕሮጀክቶች እከፍታለሁ፣ ኮፒያቸውን። አንድ ቀላል፣ አንድ በጣም የከበደ፣ አንድ ደግሞ የብዙ ዓመት። በፈሩን 64 ላይ አድርጌ በስምንቱም ግብዓት ግማሽ ሰዓት እቀዳለሁ። ማንም አይዘፍንም፤ የክፍሉን ዝምታ ነው የምቀዳው። ጠቅታ ካለ ዝምታ ውስጥ ይሰማል። ቀጥሎ አንዱን ሚክስ በሁለቱም ሲስተም አወጣለሁ። ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አስቀምጬ የአንዱን ፌዝ (የድምፅ ሞገዱን አቅጣጫ) እገለብጠዋለሁ። አንድ ዓይነት ከሆኑ ይጠፋፋሉ፣ ጸጥ ይላል። የሚሰማ ነገር ከቀረ የተለወጠ አለ ማለት ነው። ኮረስን የመሰሉ በየጊዜው የሚለዋወጡ ኢፌክቶች መቼም አይጠፋፉም፤ እነሱን አጥፍቼ ነው የምሞክረው። ባለፈው ዓመት በዚህ መንገድ አንድ ሪቨርብ (ማስተጋባት የሚጨምር ፕለጊን) የራሱን ቅንብር ረስቶ ወደ መነሻው ተመልሶ አገኘሁት። በጆሮ ብቻ ቢሆን ባላወቅሁት ነበር። ደንበኛው ግን የሆነ ነገር ተቀየረብኝ ይለኝ ነበር።

ሥራ ለመቀባበል አንድ ዓይነት ሲስተም ያስፈልጋል የተባለው ብዙ አያከራክርም። አያስፈልግም። ትራኩን ሁሉ ከዘፈኑ መነሻ ጀምሮ በዋቭ (በየትኛውም ፕሮግራም በሚከፈት የድምፅ ፋይል)፣ በ24 ቢት አውጥታችሁ ላኩ። ቴምፖውን (የዘፈኑን ፍጥነት) ጻፉበት። ከአሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጣልኝ ሥራ ሁሉ እንዲህ ነው የሚመጣው፤ እዚያ ያለው ልጅ በምን ሲስተም እንደሚሠራ እስካሁን ጠይቄው አላውቅም።

አሁን ደግሞ ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣውን ላንሣ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ውሳኔው የሚወድቀውና የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ኔትና መብራት። የአንድ ማክኦኤስ መጫኛ ብቻውን ከ10 ጊጋባይት በላይ ነው። የፕለጊኖቹ አዲስ ስሪት ሲደመር ዳታው ብዙ ነው፤ ብዙዎቹም በኢንተርኔት እንደገና ፈቃድ ሊጠይቁ ይችላሉ። ኔት በሚቆራረጥበት ሳምንት ይህንን መጀመር ራስን መፈተን ነው። ሲስተም በመጫን ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ደግሞ ማሽኑ ላይነሣ ይችላል። ዴስክቶፕ ያለው ሰው ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) አይሞክረው።

ሁለተኛ፣ ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ ተሰብሮ የሚሠራበት ፕሮግራም። በግልጽ እንነጋገር። ብዙ ወጣት አቀናባሪ በክራክ ነው የሚሠራው። ብዙ ልጆች አፕግሬድ የሚፈሩት ስለ ድራይቨር ተጨንቀው አይደለም፤ ክራኩ እንዳይሰበር ነው። ልፈርድባቸው አልፈልግም። በብር የሚኖር ሰው በዶላር የሚሸጥ ነገር ከኢንተርኔት ለመግዛት ያለውን ችግር አውቃለሁ። ግን ስለ ቫይረስ ካነሣን ትልቁ በር ይኼ ነው። የደህንነት ጥበቃውን አጥፉና ጫኑት የሚል ፋይል በገዛ እጃችሁ እያስገባችሁ ሲስተም መቀየር ምንም አይጠብቃችሁም። ጸሐፊው አፕግሬድ ላይ ያፈሰሱትን ጉልበት ለዚህ ጉዳይ ቢያውሉት ምንኛ ደስ ባለኝ። ሪፐር የሚባለው የሙዚቃ መቅረጫ ፕሮግራም ለግለሰብና ለአነስተኛ ሥራ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው፤ ከራሱ ጋር የሚመጡት ፕለጊኖች አንድ ዘፈን ሠርቶ ለመጨረስ ይበቃሉ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለልደት ስጦታ ሊገዛው የሚችል ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሰው አዲስ ሲስተም ሲወጣ ከእኩለ ሌሊት ፍርሃት ይድናል።

ወደ መጨረሻው ነጥብ ልሂድ፣ ወደ ስንፍናው።

የሚሠራን አትንካ የሚሉ ሰዎች ሁሉ ሰነፎች አይደሉም። አብዛኞቹ በእኔ ረቡዕ ያለፉ ናቸው። ግን ጸሐፊው እዚህ ላይ የነኩት እውነት አለ፤ ልክደው አልችልም። ሞሃቪ ላይ ዓመታት ቆይቶ አንድ ቀን ማሽኑ ሲሞትበት በአንድ ጊዜ ሰባት ስሪት መዝለል የተገደደ ሰው አውቃለሁ። በየጊዜው ቢሆን በትንሽ በትንሹ የሚከፈለውን ዕዳ በአንድ ሳምንት ነው የከፈለው። አፕል ታሆ በኢንቴል ቺፕ ለሚሠሩ ማኮች የመጨረሻው ስሪት እንደሆነ ተናግሯል። ለኢንቴል የተሠሩ ፕሮግራሞችን በአዲሶቹ ቺፖች ላይ የሚያስኬደው ሮዜታም ሙሉ ድጋፍ የሚያገኘው እስከ ማክኦኤስ 27 ድረስ ነው። ስለዚህ አለመንቀሳቀስም ቀን ተቆርጦለታል።

የእኔ ልዩነት ይህንን ቀን ማን ይቁረጥ የሚለው ላይ ነው። አዲስ ማክኦኤስ የሚወጣው በመስከረም ዙሪያ ነው፤ የዘፈን ሥራችን ደግሞ የሚሄደው በበዓል ነው። ነሐሴ ላይ ለእንቁጣጣሽ እንሯሯጣለን። ከዚያ ገና አለ፣ የጥር ሰርግ አለ፣ በሁዳዴ ለፋሲካ የሚወጣው ይዘጋጃል። በእኔ ቤት እፎይ የሚባለው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሽግግሬን የማደርገው ያኔ ነው፣ በእጄ ላይ ያለ ሥራ ሁሉ ተጠናቆ ከተረከቡኝ በኋላ። እስከዚያ አውቶማቲክ አፕዴቱ ዝግ ነው። የደህንነት ጥገናውን ግን አልተውም፤ ጥቂት ሳምንት ሰው ምን እንደሚል አይቼ፣ ቀረጻ በሌለበት ቀን እጭነዋለሁ።

አንድ ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ፕሮጀክቱን ብቻ አላስቀምጥም። እያንዳንዱን ትራክ ከነኢፌክቱም ያለ ኢፌክቱም በዋቭ አውጥቼ አኖራለሁ። የአዲስ አበባው ሙዚቃ አሳታሚ አምሃ ሪከርድስ ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች ማጫወቻና መርፌ እስካለ ድረስ ዛሬም ይሰማሉ። እኔ በ2012 የሠራሁት አንድ ፕሮጀክት ግን ዛሬ አይከፈትም። የዘፈኑ ባለቤት የድምፁን ትራክ ለብቻው ፈልጎ መጥቶ ነበር። ልሰጠው አልቻልኩም። ፊቱን አልረሳውም። ዋቭ አውጥቼ ቢሆን ኖሮ በየትኛውም ሲስተም ይከፈትልኝ ነበር፤ አፕግሬድ ማድረግም ይህንን ያህል ባላስፈራኝ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ ሁለት ዘፈን ያለው አልበም አለ። ዘጠኙ ይቀራሉ። አዲሱ ሲስተም በአንድ ኤስኤስዲ ላይ ተጭኖ፣ ፕላስተር ተለጥፎበት፣ ቀኑ ተጽፎበት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ከዝርዝሬ 34 ነገሮች 31ዱ እሺ ብለዋል። የቀሩት ሁለት ፕለጊኖችና የካርዱ ድራይቨር ናቸው። ጋሼ ደግሞ በሰኔ ተመልሰው እንደሚመጡ ደውለው ነግረውኛል። ድራይቨሩ ቢወጣም ባይወጣም እሳቸው ደጋናቸውን ቀብተው ሲጨርሱ የካርዱ መብራት ረግቶ ይጠብቃቸዋል፤ በድሮው ሲስተም ከሆነ በድሮው።